በሊሾው መሀል ባቄላ

ኦርሶላ ሁለተኛ ልጇን ወልዳ ከሆስፒታል ስትመለስ ግቢዋ ጠፍቶ ጠበቃት።

እኔ ያኔ ጎረቤቷ አልነበርኩም። አግብቼ ከጎናቸው ያለው ቤት የገባሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ግን ታሪኩን ከእሷም ከባሏም አፍ፣ አንዴ እየሳቀች፣ አንዴ እየተቆጣች፣ እሱም ከወዲያ ሆኖ "አታጋኚ!" እያላት ደጋግሜ ስለሰማሁት አብሬ የነበርኩ ያህል ይታየኛል።

ባሏ ዶናቶ ሊሾ ሠሪ ነበር። የወደብ ከተማችን ፍሪማንትልና አካባቢዋ የመኪና መግቢያ በሉት፣ በረንዳ በሉት፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ደጃፍ በሉት፣ የእሱ እጅ ያላረፈበት የለም። አጠር ያለ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሲናገር ሲሚንቶ የሚያቦካ የሚመስል ሰው ነው። ሚስቱ ሆስፒታል በቆየችባቸው ስድስት ቀናት ከሠራተኞቹ ጋር ተረባርቦ ከአጥር እስከ አጥር፣ ከፊት እስከ ጓሮ፣ መዳፍ የምታህል አፈር ሳያስቀር ግቢውን ሊሾ አደረገው። ፊት ለፊት ደግሞ በጥቁርና በነጭ ጠጠር ትልቅ ኮከብ ጣለበት። ኦርሶላ ሕፃኗን ታቅፋ ከመኪና ስትወርድ እጁን ዘርግቶ፣

"ይኸውልሽ! ከእንግዲህ ጭቃ የሚባል ነገር እግርሽን አይነካውም" አላት።

እሷ አለቀሰች። እሱ የደስታ መሰለው። "ደስታውን አልቻለችውም፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች" እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

ኦርሶላ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ያደገችው ደቡብ ጣሊያን ውስጥ፣ ተራራ ላይ በተቆለለች ትንሽ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ከመስኮቱ ሥር የሌላ ሰው የአትክልት ቦታ ይታያል። እነሱ ግን የአበባ ማሰሮ እንኳ የላቸውም። አባቷ መርፌ ሲያስይዛት ዓይኗ ታች ነበር። "የቄሱ እኅት ሰላጣ ስትቆርጥ ከላይ ሆኜ እቆጥርባት ነበር" ትለኛለች። ዶናቶን ያገባችው በፎቶግራፍ ነው፤ እሱ እዚህ፣ እሷ እዚያ፣ በሙሽራው ቦታ ወንድሙ ቆሞ። ከዚያ በመርከብ አንድ ወር ተጉዛ መጣች። ከጻፈላት ደብዳቤዎች ሁሉ በቃሏ የያዘችው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ "ቤት የምንሠራበት ሰፊ መሬት አለኝ" የሚለውን። መሬት የምትለዋን ቃል ይዛ ነው ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጠችው።

እሱ ደግሞ ባሕሩን ያቋረጠው መሬትን ሊሸሽ ነበር። ይህን ያወቅሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በገባሁ በሳምንቱ በቆርቆሮው አጥር ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ አገኘኋት። "ሲኞራ፣ እንደምን ዋሉ? እርስዎን እንኳ መጥቼ ልተዋወቅ ነበር" ስላት፣

"እርስዎ የሚባለው ቄሱ ነው" አለችኝ። "እኔ ኦርሶላ ነኝ። አንቺስ?"

"ጆይስ።"

"ጆይሲና" አለች፣ እንደ ልብስ አሳጥራ ሳይሆን አስረዝማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሷ ጆይሲና ነኝ። በእጇ አንድ እፍኝ በሶብላ ነበር፤ ቆርሳ ሰጠችኝና አሸተትኩት። ከኋላዋ፣ በዚያ ሁሉ ግራጫ ሊሾ ላይ፣ አርባ የሚሆኑ ባዶ የወይራ ዘይት ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። በየቆርቆሮው አንድ ነገር በቅሏል።

ችግሩ በጋ ነበር። በጋ ላይ ሊሾው እንደ ምድጃ ይግላል፣ ቆርቆሮውም ይግላል፣ ሥሩ ይቀቀላል። ኦርሶላ በጥር ወር ቆርቆሮዎቿን እንደ ታማሚ ልጆች እያነሳች ከጥላ ወደ ጥላ ስታዞር ትውላለች። የሚያዋጣት ክረምቱ ነበር። የእኛ ክረምት ለስለስ ያለ ነው፤ በግንቦት ዝናቡ ይገባል፣ ውርጭ ቢጥል በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ጎመኑም አተሩም አበባውም የሚወደው ያኔ ነው። ግን ባቄላ በቆርቆሮ አይሆንም። ባቄላ ሥሩን መዘርጋት ይፈልጋል። እሷ ደግሞ የምትፈልገው ባቄላ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ጥዋ ጥዋ ጥዋ የሚል ድምፅ ሰምቼ በአጥሩ አየሁ። ኦርሶላ ጉልበቷ ሥር ትራስ አድርጋ፣ ራሷን በሻሽ አስራ፣ በመዶሻና በድንጋይ መሮ የባሏን ሊሾ ትፈልጣለች።

"ኦርሶላ! ምን እየሠራሽ ነው?"

"ልብስ እያጠብኩ" አለችኝ ቀና ሳትል። "ሰው ከጠየቀሽ ልብስ እያጠበች ነው በይ።"

ሦስት ቀን ፈጀባት። ዶናቶ ጠዋት ሲወጣ ትጀምራለች፣ እሱ ሊመጣ ሲል ስብርባሪውን በባልዲ ወደ እኔ ግቢ ታሻግራለች፣ ጉድጓዱ ላይ የልብስ ቅርጫት ትደፋበታለች። ሲያልቅ የበር ምንጣፍ የምታህል ቦታ ተከፈተች። ከሥሯ ነጭ አሸዋ ወጣ። ኦርሶላ አሸዋውን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ "ይሄ አፈር ነው ወይስ ጨው?" አለች። ያም ሆኖ አሥራ ስድስት ፍሬ ባቄላ ተከለችበት።

ባቄላ ደግሞ ተደብቆ አይኖርም። ቅርጫቱን ገፍቶ ሲወጣ ከፊት ለፊቱ የልብስ ገመድ ወጠረችና አንሶላ ሰቀለችበት። ሁለት ወር ሙሉ ያ አንሶላ አልወረደም። ዶናቶ አንድ ቀን ከጓሮ ሆኖ ሲጮህ ሰማሁት፣ "እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚተኛው? ሁልጊዜ አንሶላ፣ ሁልጊዜ አንሶላ!"

በሐምሌ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ከባሕር በኩል የመጣ ነፋስ አንሶላውን ገለበጠው። ባቄላው ከወገብ በላይ ሆኗል፤ ነጭና ጥቁር አበባውን አውጥቶ ሽታው እኔ ወጥ ቤት ድረስ ይመጣል። እኔና ባሌ ምሳ ላይ ነበርን። ሹካችንን አስቀምጠን ጆሯችንን አቆምን።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ዶናቶ።

"ባቄላ።"

"ባቄላ መሆኑንማ አያለሁ! ሊሾዬ ምን ሆነ?"

"ተሰነጠቀ።"

"የእኔ ሊሾ አይሰነጠቅም!"

"እንግዲህ ተሰነጠቀ።"

"ማን ሰነጠቀው?"

"ባቄላው።"

ባሌ ሳቁን በናፕኪን አፈነው። ወዲያ ማዶ ግን ሳቅ አልነበረም። ዶናቶ አሥራ አንድ ቀን አላናገራትም። የሚፈልገውን በትልቋ ልጃቸው በሉቺያና በኩል ይልካል፤ "ሉቺያና፣ እናትሽን ጨው አቀብይ በያት" ይላል፣ ጨው ከሁሉም ይልቅ ለራሱ እየቀረበ። ኦርሶላም "ሉቺያና፣ ጨው ከአባትሽ አፍንጫ ሥር ነው በዪው" ትመልሳለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሥራ ልብሱን ለብሶ የኮንክሪት መቁረጫውን መጋዝ ተሸክሞ ወደ ጓሮ ወጣ። ኦርሶላ ባቄላዋን ሊቆርጥ የመጣ መስሏት ሮጣ ከፊቱ ቆመች።

"ዞር በይ" አላት።

"አልዞርም።"

"ጠርዙ የውሻ ጥርስ ይመስላል። ሰው ቢያይ ዶናቶ የሠራው ነው ይላል። በዚህ ዕድሜዬ ልታዋርጂኝ ነው? ዞር በይ!"

ዞር አለች። እሱም ክር ዘርግቶ፣ በኖራ አስምሮ፣ ባቄላው ዙሪያ ያለውን ሻካራ ጠርዝ አንድም ቅጠል ሳይነካ ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። አቧራው ሲበርድ ኦርሶላ ቀረብ ብላ አየች።

"ከጀመርክ አይቀር ሰፋ አድርገው እንጂ" አለችው።

"ጠርዝ ላስተካክል ነው የመጣሁት። አገር ልቆርስልሽ አይደለም።"

እንዲህ ነው የተጀመረው። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ማግስት ኦርሶላ የአባቷን የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሊሾው ላይ ቆመች። "እዚህ ጋ" አለች፣ "ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል።" ዶናቶ ሰማይ ምድሩን ጠራ። የሊሾውን ጥንካሬ፣ የብረቱን አገባብ፣ የውሃ መውረጃውን ቁልቁለት ሁሉ ዘረዘረላት። ከዚያ ቆረጠላት። በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። በዓመት አንድ፤ ቦታውን የምትመርጠው እሷ፣ የሚቆርጠው እሱ። በየዓመቱም ቆርጦ ሲጨርስ ሜትሯን ትዘረጋለች፤ በየዓመቱም አንድ ስንዝር ጎድሎ ታገኘዋለች።

"ሰረቅኸኝ!"

"መጋዙ ይበላዋል።"

"መጋዝህ ስንዝር የሚበላ ከሆነ ቀልበው እንጂ ምን ትሠራበታለህ!"

ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ይህን የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ሰው የሬዲዮ ድራማ እንደሚጠብቀው።

ኦርሶላ መሬት ትውደድ እንጂ የመሬት ሰው አልነበረችም። ነጭ ሽንኩርት ገልብጣ ተክላ ታውቃለች። አበባ ጎመን አጠጋግታ ተክላ፣ የጡት ጫፍ የሚያህል ነገር ለቅማ ለእሑድ ሾርባ አድርጋዋለች። ዋናው ጠላቷ ግን ያ አሸዋ ነበር፤ የሰጡትን ውሃ ሁሉ ጠጥቶ ምንም እንዳልቀመሰ ሰው ያያል። አንድ ሰው የፈረስ ፋንድያ ይጠቅመዋል አላት። የሩጫ ፈረሶች የሚያሠለጥኑበት ጋጣ ከእኛ በአውቶቡስ አምስት ፌርማታ ነው። ዶናቶን በመኪናህ አምጣልኝ ብትለው "በዚያ መኪና ንጹሕ ሲሚንቶ ነው የሚጫነው" ብሎ ዘጋት። ስለዚህ ባለ ጎማ የገበያ ጋሪዋን ጎትታ ሄደች። አንድ ጊዜ አብሬያት ነበርኩ። ስንመለስ ሾፌሩ በመስታወት እያየ፣

"እሜቴ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?" አላት።

"ቺዝ ነው" አለች ኦርሶላ ኮስተር ብላ። "የጣሊያን ቺዝ። የበሰለ።"

አንዲት አሮጊት ተነሥታ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። እኔ እስከ ቤት ድረስ ጫማዬን ሳይ ነበር የሄድኩት።

ዓመት ዓመትን ሲወልድ ሊሾው የቼዝ ሰሌዳ መሰለ። አንዱ ካሬ ላይ ባቄላ፣ አንዱ ላይ እንስላል፣ አንዱ ላይ በእንጨት ድጋፍ የሚወጣ አተር። ሰላጣው ዳር ዳሩን ብርቱካን ቀለም ያለው አበባ ይከበዋል፤ ቀንድ አውጣ እሱን ሲበላ ሰላጣውን ይተዋል ትላለች። ሉቺያና የመጀመሪያ ቁርባኗን በተቀበለች ዓመት የተከፈተው ካሬ ሙሉ በሙሉ አበባ ሆነ፤ ሲጫኑት አፉን የሚከፍተው፣ እነሱ የአንበሳ አፍ የሚሉት። ዶናቶ በዚያ ዓመት "ከአበባ ምን ይበላል?" ብሎ ሁለት ሳምንት አጉረመረመ። እሱ በካሬዎቹ መካከል በቀሩት የሊሾ መንገዶች ላይ ብቻ ይሄዳል። አፈር ላይ እግሩን ሲያሳርፍ አላየሁም። የአበባ ጎመኑን ግን ሁለት ሳህን ይበላል።

አንድ ክረምት ባቄላው ጫፍ ጫፉ ላይ ጥቁር ክሽክሽ የሚሉት ደቃቅ ተባይ ሰፈረበት። ኦርሶላ በሳሙና ውሃ አጠበችው፣ በአመድ ነሰነሰችው፣ ሰደበችው። አልሄደም። እኔና እሷ ቆመን ስናዝን ዶናቶ የጠዋት ቡናውን ይዞ በመንገዱ መጣ። ቆም አለ። ወደ ባቄላው ሳይሆን ወደ ሰማይ እያየ፣

"ጫፉን ቀንጥሺው" አለ።

"ምን?"

"ለምለሟን ጫፍ። እሷን ነው የሚወደው። ቀንጥሰሽ ጣያት፣ ይሄዳል። ፍሬውም ይበረታል።"

ኦርሶላ አፏን ከፍታ አየችው። "አንተ ይሄን ከየት አወቅኸው?"

"ሰው ሲያወራ ሰምቼ" አለና ቡናውን ጨልጦ ሄደ።

ቀነጠሰችው። በሳምንቱ ክሽክሹ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ሲያልፍ፣ አንድ ቃል ጣል ያደርጋል። "ውሃው በዝቷል።" "አፈር አስታቅፊው።" ከዚያ በላይ ብትጠይቀው ጆሮው አይሰማም።

የኦርሶላ እናት የታመመችው በሐምሌ ነው፤ የአትክልቱ ሥራ ጣሪያ በሚነካበት ወር። ለስድስት ሳምንት ወደ ጣሊያን ስትሄድ ቁልፉንና በሉቺያና እጅ ያስጻፈችውን ረጅም ወረቀት ለእኔ ሰጠችኝ። ባሏን ብትለምነው "እኔ ጭቃ ውስጥ አልገባም፣ ቢደርቅም ይድረቅ" አላት አሉ። በመጀመሪያው ቀን ባልዲዬንና ጓንቴን ይዤ ስሄድ ሰላጣው መካከል የነበረው አረም የለም። በማግስቱ የአተሩ መደብ ተኮትኩቶ አገኘሁት። በሦስተኛው ቀን ዶናቶ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ አገኘሁትና፣

"ሲኞር ዶናቶ፣ አረሙን ማን ነቀለው?" አልኩት።

"ዝናብ።"

"ዝናብ አረም ይነቅላል እንዴ?"

"ያንቺ አገር ዝናብ ብርቱ ነው" አለኝ፣ ጋዜጣውን እያገላበጠ። ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሆን ብዬ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አተሩ መካከል ቆሟል። እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ነው። እነዚያ የሲሚንቶ ከረጢት የሚወረውሩ እጆቹ የአተሩን ቀጭን ሐረግ አንድ በአንድ ያነሡታል፣ በክር ከድጋፉ ጋር ያስሩታል። ቋጠሮውን የሚቋጥረው በአንድ እጁ ነው፤ ሳያይ። እንዲህ ያለውን እጅ ማንም በአንድ ሳምንት አይማረውም።

አየኝ። ሊቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እንደ ደከመው ሰው ሊሾው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

"እኛ የነበርነው ታች ነው" አለኝ። "የእነ ኦርሶላ ከተማ ከላይ፣ እርሻው ከታች። የሰው እርሻ ነው የምናርሰው። አፈሩ ደግሞ እንደዚህ አሸዋ አይደለም፤ የሸክላ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲነካው እግር ይዞ አይለቅም። ትምህርት ቤት ስሄድ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። አስተማሪዋ ወለሉን እንዳላቆሽሽ ውጭ ታቆመኛለች፤ ጭቃው እስኪደርቅ። ጭቃ በክረምት ይደርቃል? አይደርቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመስኮት ነው።" ጭቃውን ከእግሩ በእንጨት መፋቅ ጀመረ። "የዚያ ክፍል ወለል ግራጫ ሊሾ ነበር። ልስልስ ያለ፣ የሚያበራ። እንደዚያ ያለ ወለል ይኖረኛል አልኩ። ልጆቼ በላዩ ይሄዳሉ፣ ማንም ውጪ ቁሙ አይላቸውም።"

"ለኦርሶላ ነግረሃታል?" አልኩት፤ በድንጋጤ እርስዎ ማለቱን ረሳሁ።

"እሷ ከላይ ነበረች፤ ከተማ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ምን ብዬ ልንገራት?" ተነሣና ክሩን አነሣ። "አንቺም አትነግሪያትም። በይ ሂጂ፣ ዝናቡ ሥራውን ይጨርስ።"

እናቷን ቀብራ ከል ለብሳ ስትመለስ ሻንጣዋን እንኳ ሳትከፍት ጓሮ ወጣች። እኔ በአጥሩ በኩል አያታለሁ። አተሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ክሩን በጣቷ ነካች። ቋጠሮውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ በሹክሹክታ፣

"ይቺን ቋጠሮ አንቺ አታውቂያትም" አለችኝ።

ባልዲዬን ለማንሣት ጎንበስ አልኩ።

"እኛ ከተሜዎቹም አናውቃትም። የታች ሰዎች ቋጠሮ ናት። ልጅ ሆኜ በመስኮት አያቸው ነበር፤ በአንድ እጅ ሲያስሩ።" ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የእናቷ ይሁን የቋጠሮው አላውቅም። "እንዳትነግሪው፣ ጆይሲና። ማወቄን ካወቀ ያቆማል።"

ሁለቱም በየበኩላቸው አፌን ዘጉኝ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ኦርሶላ በየክረምቱ አንድ ሳምንት ባንበሪ ከተማ ወዳገባችው ወደ ሉቺያና ትሄዳለች። "ልጆቹ ናፍቀውኝ" ትላለች። ለእኔ ግን ሻንጣዋን እየዘጋች፣ "ባሌ አፈር አማረው መሰለኝ፣ ልሂድለት" ትለኛለች። ስትመለስ ሁሉም ተኮትኩቶ፣ ታስሮ፣ ታርሞ ይጠብቃታል። "ዘንድሮም ጥሩ ዘነበ" ትለዋለች። "ዘነበ" ይላታል።

እንዲህ እያሉ አረጁ። የዶናቶ ጉልበት ሄደ፣ ከዚያ ትንፋሹ። መጋዙን ማንሣት ባቃተው ዓመት ድሮ አብሮት ይሠራ የነበረ ዝቮንኮ የሚባል ክሮአት ጠራ፤ እሱም ሸምግሏል፣ ግን ክንዱ አልላላም። ዶናቶ ወንበር አስመጥቶ ሊሾው ላይ ተቀመጠና ትእዛዝ ሰጠ። ኦርሶላ ሜትሯን አንጠልጥላ መጣች።

"እዚህ ጋ። ሁለት በአንድ ተኩል።"

የተለመደውን ጩኸት ጠበቅሁ። ዶናቶ ቦታውን አየና ለዝቮንኮ፣

"ሦስት በሁለት አድርግላት" አለው።

ዝቮንኮ ቆረጠ። ኦርሶላ ሜትሩን ዘረጋች፤ ሦስት በሁለት፣ ስንዝር አልጎደለም። ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለችና ወደ አጥሩ መጣች። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

"ያልጠየቅሁትን ሰጠኝ" አለችኝ።

"ታዲያ ደስ አይልሽም?" ብዬ ሳቅሁ።

"አርባ ዓመት ሙሉ ስንዝር ሲሰርቀኝ የኖረ ሰው ነው፣ ጆይሲና። ታሟል። ታሞ ደብቆኛል።"

እውነቷን ነበር። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በፊት ነግሮት፣ ወረቀቱን መኪናው ውስጥ ከወንበር ሥር ደብቆት ነበር። በዚያው ቀን አወጣጣችው። አልተጣሉም፤ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ረጅም ሰዓት ቆዩ፣ እኔም መስኮቴን ዘጋሁ።

በማግስቱ ኦርሶላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችው። "አዲሱ ላይ ምን ልትከል?"

"እንደፈለግሽ።"

"አንተን ነው የጠየቅሁት።"

ብዙ አሰበ። "ያ አበባ... የሚሸተው። ሐምራዊና ነጩ። ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚለው።"

"አንተ ከአበባ ምን ይበላል ትል የለም እንዴ?"

"አሁን ምን እበላለሁ?" አላት።

ሦስት በሁለቱን ሙሉ እሱን ተከለችው። በነሐሴ ሲፈነዳ ዶናቶ ከአልጋ እምብዛም አይወርድም ነበር፤ ግን መኝታ ቤቱ ወደ ጓሮ ነው፣ መስኮቱን ክፈቱልኝ ይላል። የሞተው በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት ነው፤ ኦርሶላ እጁን ይዛው፣ ሉቺያና ሻይ ልታፈላ እንደወጣች። ለቀብሩ ኦርሶላ መቀስ ይዛ ወጣችና ያን ካሬ አንድ ዘለላ ሳታስቀር ቆረጠችው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዕጣን እንኳ አልሸተተም፤ የአበባው ሽታ ሁሉን ዋጠው።

ከቀብሩ በኋላ ሉቺያና፣ "ማማ፣ የቀረውን ሊሾ ሁሉ እናስነሣልሽና ሙሉ አትክልት ይሁንልሽ" ብትላት፣ "የቀረው የእሱ ነው" አለቻት። በሚቀጥለው ግንቦት ዝናቡ በወረደ ማግስት ዝቮንኮ ሳይጠራ መጋዙን ይዞ መጣ። ኦርሶላ በሩ ላይ ተቀብላ፣ "ይበቃኛል ልጄ፣ ማን ያርመዋል?" አለችው። መጋዙን መኪና ውስጥ አስመለሰችውና ፓስታ በባቄላ አብልታ፣ የሁለት ሰው ራስ የሚያህል አበባ ጎመን አሸክማ ሸኘችው። እሱም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይመጣል፤ መጋዙን ትቶ፣ ለፓስታው።

አሁን ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው። ማጎንበስ ስለማትችል ወንበር ላይ ተቀምጣ በምርኩዟ ታመለክታለች፤ የማጎነብሰው እኔ ነኝ። እኔም ሰባውን አልፌያለሁ፣ ለእሷ ግን ወጣት ነኝ። ባለፈው ረቡዕ ሰላጣ እናሳሳ ነበር። ችግኙ ተጨናንቆ በቅሏል፣ ግማሹ መነቀል አለበት። እኔ አንጀቴ አይችልም፤ አንዱን ነቅዬ ሌላውን እተዋለሁ።

"ያንንም ንቀይው" ትለኛለች።

"ይሄ እኮ ጎበዝ ነው፣ ኦርሶላ።"

"ጎበዝ ከጎበዝ ጋር ከተጨናነቀ ሁለቱም አይረቡም። አታልቅሺለት፣ ንቀይው!"

እሺ እያልኩ ነቀልኩ። የነቀልኩትን ግን ጣል ማድረግ አቃተኝና ቀስ እያልኩ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ቤቴ ወስጄ ጓሮዬ ልተክለው። ያላየችኝ መስሎኝ ነበር። ልሄድ ስነሣ ምርኩዟን ኪሴ ላይ ደገፍ አደረገችና፣

"እነዚያን ዛሬውኑ ውሃ አጠጪያቸው" አለችኝ። "ደግሞ አራርቀሽ ትከያቸው!"